የድሬዳዋ ዛፍ ላይ ስንት ጥንዚዛ አለ?

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ነጭ አንሶላ ይዤ ግቢ ወጣሁ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ አለ። አንሶላውን ከሥሩ ዘርግቼ አራቱን ጫፍ በድንጋይ ያዝኩት። ማንጎ የምናወርድበትን ረጅም ዘንግ አነሳሁና ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ደጋግሜ ቸብ ቸብ አደረግኩት። የእህቴ ልጅ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ጎረቤታችን እማማ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ምን ጠፋባችሁ?»

«ጥንዚዛ እየቆጠርን ነው፣ እማማ።»

«አቦ! እናንተስ ሥራ ፈታችሁ» አሉና ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። በሰፌድ ቦሎቄ እየለቀሙ ነበር።

አልፈርድባቸውም። ሥራ ፈትነት ይመስላል። ግን ይህንኑ ሥራ በፓናማ ደን የሠራ አንድ ሰው፣ ምድር ላይ ስንት ዓይነት ፍጡር አለ የሚለውን ግምት በአንድ ጊዜ ወደ 30 ሚሊዮን አስፈንጥሮታል። የተነሳው ክርክር ከ40 ዓመት በኋላም አልበረደም። አንሶላችን ላይ የወደቀውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ የፓናማው ይቅደም።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ጥንዚዛ አንድ ነገር። ጥንዚዛ ሲባል ብዙዎቻችን እበት የሚያንከባልለውን ጥቁሩን ነው የምናስበው። ዘመዱ ግን ብዙ ነው። እህል የሚጨርሰው ነቀዝ ጥንዚዛ ነው። ማታ ማታ ብልጭ ድርግም የሚለው አብሪ ትልም ስሙ ነው እንጂ ትል አይደለም፣ ጥንዚዛ ነው። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ልጆች እጃቸው ላይ የሚያስኬዷት ትንሿም እንደዚያው። መለያቸው ክንፋቸው ነው። የፊተኛው ጥንድ ክንፍ ደርቆ እንደ ክዳን ሆኗል። የሚበሩበት ስስ ክንፍ ከክዳኑ ሥር ታጥፎ ይቀመጣል። በዚህ ክዳን የተነሳ እንጨት ውስጥ፣ አፈር ውስጥ፣ ቅርፊት ሥር እየተሽሎከሎኩ ይገባሉ፤ ክንፋቸው አይቀደድም። እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች 400,000 ገደማ ናቸው። ስም ካላቸው እንስሳት ሁሉ አራት ቢቆጠር አንዱ ጥንዚዛ ነው እንደ ማለት ነው። አጥቢ እንስሳት፣ የባቢሌው ዝሆን፣ የሐረሩ ጅብና እኛም ተጨምረን፣ 6,500 ገደማ ብንሆን ነው።

እና አብዛኛው ጥንዚዛ የት ነው ያለው? ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች ይፈልጉ የነበረው እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ነው። አፈር፣ ግንድ፣ ቁጥቋጦ፣ ማታ መብራት ላይ የሚሰበሰበው። በሞቃታማው ዝናባማ ደን ግን ሕይወቱ ያለው ላይ ነው። ፀሐዩ፣ አበባው፣ ፍሬውና ለጋው ቅጠል 30 እና 40 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አሥር ፎቅ በሉት። ከታች ቆሞ ለሚያየው አረንጓዴ ጣሪያ ነው። የደን ጣሪያ የምለው ይህንን ነው።

ቴሪ ኧርዊን አሜሪካ ውስጥ ያለው የስሚዝሶኒያን ተቋም የጥንዚዛ ተመራማሪ ነበር፤ በ2020 አረፈ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) በ1970ዎቹ ፓናማ ውስጥ ወደ ጣሪያው መውጣቱን ትቶ ጣሪያው ወደ እሱ እንዲመጣ አደረገ። በገመድ ጭስ የሚተፋ ማሽን ወደ ዛፉ አናት ጎትቶ ያወጣል። የድሬ ሰው ይህን ማሽን ለማሰብ አይቸገርም፤ ለትንኝ የሚነፋውን ጭስ ያየ አየው ማለት ነው። የሚነፋው መድኃኒት ከፓይረትረም አበባ የሚወጣ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ የኬንያ ደጋ ገበሬዎች በብዛት ሲያመርቱት ኖረዋል። ነፍሳትን ወዲያው ያደነዝዛል፤ ለወፍና ለአጥቢ እንስሳ ብዙም አያሰጋም፤ ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ይበላሻል።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ሥራው የሚሠራው ጎህ ሲቀድ፣ አየሩ ቀጥ ባለበት ነው። ትንሽ ንፋስ ከመጣ ጭሱ ወደ ጎን ይሄድና የጎረቤት ዛፍ ጥንዚዛ ይቀላቀላል፤ ያኔ ቆጠራው ዋጋ የለውም። ጭሱ በቅጠሉ መሐል ቀስ እያለ ይወጣል። ከዚያ መዝነብ ይጀምራል። ጥንዚዛ፣ ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ትኋን የሚመስል ነገር፣ ሁሉም ጠብ ጠብ ይላል። ከሥር፣ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ ትልልቅ የጨርቅ መቀበያዎች ተወጥረዋል። የእያንዳንዱ ጫፍ የአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ያበቃል። አንድ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ ለቀማው ይጀምራል፤ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ኧርዊን የመረጠው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ነበር፤ በሳይንስ ስሙ ሉሄያ ሲማኒ ይባላል። 19 ዛፎችን በተለያየ ወቅት አጨሰ። ከእነዚህ ዛፎች ብቻ ከ1,100 በላይ የጥንዚዛ ዝርያ ወረደ።

አሁን ነው ጨዋታው የሚጀምረው። በ1982 ኧርዊን ሁለት ገጽ ጽሑፍ አወጣ። ሁለት ገጽ ብቻ! ስሌቱን በናፕኪን ላይ መሥራት ይቻላል። እስቲ አብረን እንሥራው።

ከወረዱት ጥንዚዛዎች 682ቱ ዝርያ ተክል በሊታ ናቸው። ከእነዚህ 20 በመቶው ይህን ዛፍ ብቻ የሚበሉ፣ ሌላ ዛፍ የማይነኩ ናቸው ብሎ ገመተ። አዳኞቹ 296 ናቸው፤ 5 በመቶ። ሻጋታ በሊታዎቹ 69፤ 10 በመቶ። ውዳቂ በሊታዎቹ 96፤ 5 በመቶ። ሲደመር 163 ዝርያ የዚህ ዛፍ ብቻ ናቸው ማለት ነው። በሞቃታማው ዓለም 50,000 ዓይነት ዛፍ አለ አለ። 163 ሲባዛ በ50,000 ከ8 ሚሊዮን በላይ ጥንዚዛ ይሆናል። ጥንዚዛ ከነፍሳትና ከዘመዶቻቸው 40 በመቶው ነው፤ ስለዚህ በጣሪያው ላይ ብቻ 20 ሚሊዮን ዝርያ አለ። መሬት ላይ ያለው የጣሪያውን ግማሽ ቢያህል 10 ሚሊዮን ይጨመር። 30 ሚሊዮን!

ዓለም ጉድ አለ። ጋዜጣው ሁሉ ቁጥሩን አነሳው። እስከዚያ ድረስ ስም የወጣለት ዝርያ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። እንግዲህ ከምናውቀው የማናውቀው በብዙ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ኧርዊን ራሱ ቁጥሩን እንደ ፍርድ አላቀረበውም፤ ኑ ፈትኑኝ ብሎ ነው የወረወረው። እኔ የምወድለትም ይህንን ነው። የጻፈው ስሌት እርምጃ በእርምጃ ስለሚታይ የትኛው ጋ እንደሚያነክስ ማንም ማየት ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያነክሰው ደግሞ አንድ ቦታ ነው፤ 20 በመቶው ላይ። አልቆጠረውም፣ ገመተው። ጭስ አድርጎ ያወረደው ጥንዚዛ ዛፉን ይበላ ወይስ በመንገዱ አርፎበት ይሁን፣ ከሞተ በኋላ አይጠየቅም።

እስቲ ያን 20 በመቶ 5 በመቶ እናድርገው፤ ሌላውን ሁሉ ሳንነካ። 163 የነበረው 61 ይሆናል። እስከ መጨረሻው ስንሄድ 30 ሚሊዮኑ ወደ 11 ሚሊዮን ይወርዳል። አንድ ቁጥር ተነካ፣ 19 ሚሊዮን ዝርያ ከምድር ጠፋ። አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ።

ጉዳዩ ከከበደባችሁ ወደ ጓዳ ግቡ። ማንኛዋም የቤት እመቤት የምታውቀው ነገር ነው። የበቆሎ ነቀዝ በቆሎ ብቻ አይበላም። ማሽላው ጆንያ ውስጥም ይገባል፣ ስንዴውም ውስጥ ይገባል። ነጠላ እህል አይመርጥም። የቦሎቄ ነቀዝ ግን ሌላ ነው። የፈለገውን ያህል ቢርበው በቆሎ አይነካም፤ ጥራጥሬውን ነው የሚፈልገው። ሁለቱንም ነቀዝ እንላቸዋለን እንጂ ዘራቸውም ጠባያቸውም የተለያየ ነው። እንግዲህ የዓለም ጥንዚዛ በአብዛኛው እንደ ቦሎቄው ነቀዝ ከሆነ፣ ዛፍ በበዛ ቁጥር ዝርያውም አብሮ ይባዛል፤ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። እንደ በቆሎው ነቀዝ ከሆነ ደግሞ አንዱ ዝርያ አሥር ዛፍ ላይ ይገኛል፤ እኛም አንዱን ጥንዚዛ አሥር ጊዜ ቆጥረነዋል። የ30 ሚሊዮኑ ክርክር ሲፈታ ይኸው ነው።

ይህን ለመለየት ጭስ አይበቃም። በሕይወት መያዝ ያስፈልጋል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ የሠሩት እነ ቮይቴክ ኖቮትኒ ያደረጉት ይህንን ነው። ተክል በሊታ ነፍሳትን በእጅ ለቀሙ፣ ብልቃጥ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር አስቀመጡ፣ በልቷል ወይስ አልበላም ብለው ጠበቁ። ያልበላው እንግዳ ነው፣ ይወጣል። ሥራውን በዋናነት የሠሩት የሰለጠኑ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ዛፉን በስም የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። በ51 የተክል ዓይነት ላይ ወደ 900 የሚሆኑ ዝርያዎችን አዩ። ውጤቱ በ2002 ሲወጣ፣ ብዙዎቹ በሊታዎች አንድ ዛፍ ላይ የሙጥኝ ያሉ አልነበሩም፤ ዘመድ የሆኑ ዛፎችን እየተዘዋወሩ ይበላሉ። ግምቱ ከ30 ሚሊዮን ወደ 4 እና 6 ሚሊዮን መሐል ወረደ። በ2015 ናይጀል ስቶርክ የተለያዩ ስሌቶችን አሰባስቦ ሲያሰላው ለጥንዚዛ 1.5 ሚሊዮን፣ ለነፍሳት በጠቅላላው 5.5 ሚሊዮን ደረሰ። በዚህ በትንሹ ግምት እንኳ ብንሄድ፣ ከአራት ጥንዚዛ ሦስቱ ገና ስም አልወጣለትም።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ኧርዊን ተሳስቷል» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ እንደዚያ አላይም። እሱ ባያጨስ ኖሮ ማንም ወደ ላይ ቀና አይልም ነበር።

ቀና ማለቱ ከመጣ በኋላ መውጫውም መጣ። በገመድ መውጣት አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን የሚደርሰው ግንዱ ድረስ ነው እንጂ ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ላይ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1980ዎቹ ከአየር መርከብ ላይ በዛፎች አናት የሚቀመጥ በአየር የተነፋ ፍራሽ መሳይ መዋቅር ሠሩ። በጣም የሚገርመኝ ግን የፓናማው ነው። በ1990 የሕንፃ ክሬን፣ ያው ፎቅ ሲሠራ የምናየው ባለ ረጅም ክንዱ ክሬን፣ ደን መሐል ተተከለ። ተመራማሪው ሳጥን ውስጥ ገብቶ በፈለገው ቅርንጫፍ ላይ ይወርዳል። ቅጠሉን አገላብጦ አይቶ፣ ነገም እዚያው ቅጠል ላይ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ቆጠራ የተካሄደው እዚያው ፓናማ፣ ሳን ሎሬንዞ ደን ውስጥ ነው፤ በ2003 እና 2004። ክሬኑም፣ ጭሱም፣ ገመዱም፣ የመብራት ወጥመዱም በአንድ ላይ ተሰለፉ። ከ21 አገር 102 ተመራማሪ ተሳተፈ። የተቆጠረው መሬት ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ 0.48 ሄክታር ነው። ከዚህች ቁራሽ 129,494 ነፍሳትና ዘመዶቻቸው ተለቀሙ። ለይቶ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀ። ዝርያው 6,144 ሆነ። ከዚያ ተነስተው 6,000 ሄክታሩን ደን ሲገምቱት 25,000 ዝርያ ወጣ። በ2012 ሲታተም ብዙዎቻችን ቁጥሩን አይተን አለፍን። እኔን የያዘኝ ግን ሌላኛው ግኝት ነው። በአንድ ቦታ ስንት ዓይነት ነፍሳት እንዳለ ለማወቅ ጥሩው መለኪያ፣ እዚያ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ ነው አሉ። ተክል በሊታውን ብቻ አይደለም፤ አዳኙን፣ ውዳቂ በሊታውንም ጭምር ይተነብያል። ይህችን ያዙልኝ፤ ወደ ድሬ ስንመለስ እንፈልጋታለን።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር ደግሞ አለ። በሞቃታማ ደን ቆጠራ ላይ በአማካይ ሲሶ የሚሆነው ዝርያ የሚገኘው በአንድ ነፍስ ብቻ ነው። አንድ ጥንዚዛ ወደቀ፣ ሁለተኛው አልተገኘም። ምን ማለት ነው? ቀፊራ ገበያ በር ላይ ተቀምጣችሁ የሚያልፈው ሰው የሚናገረውን ቋንቋ ቁጠሩ። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ ቶሎ ቶሎ ይሞላሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ አፋርኛ ተናጋሪ ያልፋል። ቆየት ብሎ አንድ ጉራግኛ፣ አንድ ዓረብኛ። አንድ አንድ ሰው እያመጣ አዲስ ቋንቋ እስከመጣ ድረስ ገበያው አልተቆጠረም፤ ብትነሱ ያመለጣችሁ አለ። አንድ አንዱ መምጣት ሲያቆምና ሁሉም ሁለት ሦስት ሲሆን ያኔ ተነሱ። የጥንዚዛ ቆጣሪዎችም የሚያሰሉት በዚሁ ነው፤ ነጠላዎቹን አይተው ስንት እንደቀረ ይገምታሉ። በደን ውስጥ ግን ነጠላዎቹ አያልቁም።

ጭስም ቢሆን ሁሉንም አያወርድም። እንጨት ውስጥ ያለው እጭ አይወርድም። ቅጠል ውስጥ ቦይ ቆፍሮ የሚኖረው አይወርድም። ፍሬ ውስጥ የገባው ነቀዝ መሳይማ ጭራሽ ጭሱ አይደርሰውም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ብቻ ይዞ «ይህን ያህል አለ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ በምን ቆጠርከው በሉት።

ከለቀማው በኋላ ያለው ሥራ ነው ዋናው ማነቆ። ጥንዚዛውን ለይቶ ስም የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው፤ ለአንዳንዱ የጥንዚዛ ቤተሰብ በዓለም ላይ ያሉት ባለሙያዎች በጣት ይቆጠራሉ። ስለዚህ አብዛኛው ጥንዚዛ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። መርፌ ላይ ተሰክቶ፣ የት፣ መቼ፣ ከየትኛው ዛፍ የሚል ቁራጭ ወረቀት ተደርጎለት፣ «ቁጥር 14» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከ2003 ወዲህ ካናዳዊው ፖል ሄበርት ያስተዋወቀው መንገድ አለ፤ ከአንዲት እግር ላይ ዲኤንኤ ወስዶ አንዲት አጭር የዘረመል ቁራጭ ማንበብ፣ እንደ ዕቃ ባርኮድ። ፈጣን ነው። ይኼኛውና ያኛው አንድ ዘር ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ይፈታል። ስም ግን አያወጣም። የጠባዩን ነገር፣ የቦሎቄ ነው የበቆሎ የሚለውን፣ አይመልስም።

ወደ አገራችን። ሐረርጌ ዝናባማ ደን የለንም፤ ያለን የጥድና የወይራ ደጋ፣ ከዚያ በታች ግራርና ቁጥቋጦ ነው። እርጥቡ ደን ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ካፋ፣ ሸካ፣ ያዩ። ለእኛ የሚቀርበው ባሌ ነው፤ የሐረና ደን። ጫካ ቡና በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ራሱን ችሎ የሚበቅልበት። እዚያም ጣሪያ አለ፣ ጣሪያውም የራሱ ጥንዚዛ አለው።

ቡና ጠጪ ሕዝብ ነንና በዚህ በኩል ብንገባ ይሻላል። የቡና ፍሬ እየበሳች የምትገባ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ አለች፤ ቁመቷ ከ2 ሚሊ ሜትር አታልፍም። አፍሪካዊት ናት፤ ዛሬ ቡና ያለበት አገር ሁሉ ማለት ይቻላል ደርሳለች። ፍሬውን ትበሳለች፣ ውስጡ ትፈለፍላለች፣ ልጆቿ ፍሬውን ከውስጥ ይጨርሱታል። ሙቀት ይስማማታል። የጥላ ዛፍ ሲመነጠር ቡናው ይሞቃል፣ እሷም ትደሰታለች። በሌላ በኩል ጣሪያው ላይ የሚውሉት ጠላቶቿ ናቸው። በኮስታ ሪካ የቡና እርሻዎች በተደረገና በ2013 በወጣ ጥናት፣ ወፎች ብቻቸውን የዚህችን ጥንዚዛ ጉዳት በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ወፉ ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ማደሪያው ዛፍ ነው። ጣሪያውን መቁጠር የሳይንቲስት ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ምርት ሲወርድ ገበሬው ሰማዩን ነው የሚያማው።

በሰሜን በኩል ጥሩ ምሳሌ አለ። ብዙዎቻችሁ በደራሲነታቸው የምታውቋቸው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። ከአሜሪካዊቷ የደን ጣሪያ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ከብት እንዳይገባ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ካብ አስከብበዋል። ነፍሳቱንም አብረው አጥንተዋል። ደኖቹ ትንንሽ ናቸው። ዙሪያቸውን እርሻ ነው። በዚያ አገር ከእነሱ ውጪ ነባር ዛፍ ብዙም አልቀረም፤ ነባር ዛፉን የሚፈልግ ጥንዚዛም ከዚያ ውጪ መሄጃ የለውም።

እኛስ ምን እንቆጥራለን? ችግኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሮናል። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ይነገራል። መትከሉን አልቃወምም፤ ድሬ ላይ በሚያዝያ ፀሐይ የሄደ ሰው ጥላን አይቃወምም። ቅር የሚለኝ የቁጥሩ ዓይነት ነው። ሳን ሎሬንዞ ላይ የታየው ስንት ግንድ ቆመ የሚለው አልነበረም፤ ስንት ዓይነት ተክል አለ የሚለው ነው። አንድ ሚሊዮን ባሕር ዛፍ አንድ ዓይነት ዛፍ ነው።

አሁን ወደ አንሶላዬ ልመለስ።

የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ ያ ሲያብብ ከዚራ ሠፈርን እሳት የሚያስመስለው፣ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ስሙን እኛ ሰጠነው እንጂ እሱስ እንግዳ ነው። ጥላ የምንቀመጥበት ኒምም ከሕንድ በኩል የመጣ ነው። ከተማዋ ራሷ በ1902 ከባቡሩ ጋር የመጣች ናት፤ ዛፏም መጤ ቢሆን አይገርምም። ግን እንግዳ ዛፍ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። አገሩ ላይ ሲበሉት የነበሩትን ነፍሳት ይዞ አይመጣም፤ እዚህ ያሉት ደግሞ አልለመዱትም። ይህ በቁጥር የታየው እንግሊዝ ነው። በ1961 ሪቻርድ ሳውዝውድ የተባለ ተመራማሪ የዛፎቹን ነፍሳት ሲደምር፣ ነባሩ ኦክ ላይ 284 ዝርያ ነበር። ከአሜሪካ የሄደው ሮቢኒያ ላይ 1።

ቅዳሜ ዕለት ከድሬዳዋ ዛፋችን የወደቀው ይኸው ነው። ጉንዳን፣ ብዙ ጉንዳን። ሁለት ሸረሪት። ደቃቅ ቅጠል። አንድ የሞተ ንብ። ጥንዚዛ ሁለት፤ አንዷ ቀይ ባለ ነጠብጣቧ፣ አንዷ የሩዝ ፍሬ የምታክል ግራጫ፣ ገና ስትወድቅ እግሯን ሰብስባ የሞተች መስላ የተኛች። ልጁ በስንጥር ሲነካት ዝም፤ ዞር ሲል ተነስታ ሮጠች።

እሑድ ጠዋት በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብለን፣ የሰው አጥር ያልሆነ አንድ ግራር ሥር አንሶላውን ዘረጋን። እሾሁ አንሶላዬን ሁለት ቦታ ቀደደው፤ እህቴ እስካሁን አላየችውም። ያው ዘንግ፣ ያው ቸብ ቸብ። መጀመሪያ የወደቀው የደረቀ የፍሬ ቆባ ነው። ልጁ አነሳውና ቀዳዳውን አሳየኝ። በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ አንዳንድ ክብ ቀዳዳ፣ በመርፌ የተበሳ ይመስል የተስተካከለ። ፈልቅቀን አየን። አንዱ ውስጥ ባለቤቱ ገና አልወጣም ነበር፤ ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ ክንፉ ከጀርባው አጠር ያለ። የቦሎቄ ነቀዝ ቁርጥ! የዚያው ቤተሰብ ነው። ጭስ ቢነፋበት አይወርድም ነበር፤ ፍሬው ውስጥ ነውና። ከእሱ ሌላ አንሶላው ላይ ስንለቅም ስንለቅም መልካቸው የተለያየ 14 ጥንዚዛ ደረስን። አንደኛው አረንጓዴ ሆኖ እንደ ነሐስ የሚያበራ፣ አንደኛው አንቴናው ከቁመቱ የሚረዝም። አሥራ አራቱ በሙሉ አንድ አንድ ነበሩ።

ሁለት ዛፍ፣ ሁለት ጠዋት፣ አንድ የተቀደደ አንሶላ። ከዚህ ተነስቼ ስለ ድሬዳዋ አንድም ቁጥር አልናገርም። ኧርዊን እንኳ በ19 ዛፍ ስንት ተባለ። ሊቆጥር የሚፈልግ ሰው ግን ክሬን አይጠብቅ። ዝቅ ላለ ዛፍ አንሶላና ዘንግ ይበቃዋል፤ ባለሙያዎቹም የሚጠቀሙበት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዛፉን ስም መጻፍ አይርሳ። የዛፉ ስም ከሌለበት የተለቀመው ጥንዚዛ ጌጥ ነው። ትምህርት ቤቶች የተከሏቸውን ችግኞች በዚህ መንገድ ዓመት በዓመት ቢያዩአቸው፣ ነባሩንና መጤውን ጎን ለጎን፣ ከአንድ ቀን የፎቶ ሰልፍ የተሻለ ትምህርት ይሆናል ባይ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን እየለየን ነበር። ልጁ በእርሳስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል። «ግራር፣ እሑድ ጠዋት፣ ቁጥር 3።» የሠፈሩ ሰው በርጫ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል። እማማ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። በእጃቸው ሰፌድ ይዘዋል፤ ሰፌዱ ላይ ከትናንት የለቀሙት ግርድ ቦሎቄ አለ፣ ፍሬው ሁሉ ክብ ክብ የተበሳ። መሐሉ ላይ ሁለት ነቀዝ ይርመሰመሳል።

«እንግዲህ መቁጠራችሁ ካልቀረ ይኼንንም ቁጠሩልኝ» አሉ።

ልጁ ሰፌዱን ተቀበላቸውና የግራሩን ነቀዝ የያዘውን ጠርሙስ አስጠጋ። አንዱን አየ፣ አንዱን አየ። ከዚያ ተነስቶ ጓዳ ገባና አንድ የቦሎቄ ፍሬ ይዞ መጣ፤ ያልተበሳ። ጠርሙሱ ውስጥ ከተተው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት እማማ።

«ይበላ እንደሆነ ልየው።»